ብሩሹን ለሐዘንተኛው ስጡት

ሰላም ልጆች፤

ከሠላሳ ዓመት በላይ ግድግዳ ላይ ስስል ኖሬአለሁ። ብዙዎቹ ግድግዳዎች ሰው በጥይት የተገደለባቸው ሰፈሮች ውስጥ ናቸው። እናንተ ወጣት ሠዓሊዎች «እንዲህ ያለ ቦታ ምን ብንስል ይሻላል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ የሚስለው ማን እንደሆነ ነው።

ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። በወጣትነቴ የአንድ የተገደለ ልጅ ፊት ሦስት ፎቅ የሚያህል አድርጌ ሳልኩ። ሰው አጨበጨበ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እህቱ መጥታ «እማዬ እኮ በዚህ መንገድ ማለፍ ትታለች፤ በጀርባ ዞራ ነው ሥራ የምትሄደው» አለችኝ። ለካ እናቲቱን ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ስለዚህ ንድፍ ይዛችሁ አትሂዱ። ቁጭ በሉ። ሐዘንተኞቹ ስለ ሟቹ ሲያወሩ ስሙ፣ ዝም ሲሉም አብራችሁ ዝም በሉ። ከዚያ ብሩሹን ለእነሱው ስጡ።

አሮጊት እናት እንዴት መሰላል ትወጣለች ካላችሁ፣ መላ አለው። ፊላደልፊያ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1984 ጀምሮ የግድግዳ ሥዕል የሚሠራ ትልቅ ፕሮግራም አለ። ሥዕሉን ቆራርጠው የፓራሹት ጨርቅ በሚባል ስስ ጨርቅ ላይ ይነድፉታል፣ ሰዉ ጠረጴዛ ከቦ ይቀባዋል፣ ከዚያ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጥይት አከርካሪውን የመታው ልጅ ከነዊልቸሩ ተጠግቶ ይቀባል ማለት ነው። ደግሞ ሰው እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ወራት ሙሉ ያልወጣው ነገር፣ ጎን ለጎን ሆነው ሰማያዊ ሲቀቡ ይወጣል፤ ስንት ጊዜ አየሁት መሰላችሁ።

በሥዕል ብቻም አትወሰኑ። ሜክሲኮ ውስጥ ኩሊያካን በምትባል ከተማ ነዋሪዎች ያስረከቡት 1,527 ጠመንጃና ሽጉጥ ቀልጦ 1,527 አካፋ ሆነ፣ በአካፋዎቹም ዛፍ ተተከለባቸው። የሐሳቡ ባለቤት ሠዓሊው ፔድሮ ሬየስ ነው። ያን አካፋ ይዞ መቆፈር ምን ስሜት እንደሚሰጥ አስቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቀለም የሥነ ልቦና ባለሙያን አይተካም፤ አንድ ባለሙያ አጠገባችሁ ይኑር። መሰላል ሲወድቅ ጠረጴዛ ሥር የገባ ልጅ አይቻለሁ። ቀስ በሉ፣ ዕቃ አታንኳኩ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ቺካጎ ላይ የታየ፣ በጥይት ለሞቱ ሰዎች የተሠራ አንድ መታሰቢያ አለ፤ አራት የመስታወት ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው 700 ጡብ ያላቸው። ቤተሰቦች በጡቦቹ ውስጥ የሟች ወገኖቻቸውን ዕቃ አስቀመጡ። ሐዘን የሚያርፈው እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ላይ ነው፤ እኔም ይህ የገባኝ ከአንድ አባት ነው።

ሦስት ቀን መጥቶ ብሩሽ ሳይነካ ተቀመጠ። ማንም አልጎተጎተውም። በአራተኛው ቀን ተነስቶ የልጁን ጫማ ልቀባ አለ። ቤተሰቡ ከሰጠኝ ፎቶ ስነድፈው የጫማው ማሰሪያ በደንብ የታሰረ ነበር። አባትየው ቀስ ብሎ ደመሰሰውና ፈትቶ ሳለው። «አስሮት አያውቅም፤ በሩ ላይ ሁሌ የምንጨቃጨቀው በዚህ ነበር» አለኝ። ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ደግሞ ብሩሹን አጥቦ ወደ ሁለተኛው ጫማ ሄደ።

ግድግዳው ይኸው ዓመታት አለፉት። ዝናብና ፀሐይ ቀለሙን ባደበዘዘው ቁጥር ይደውልልኛል፤ «ያ ነጩ ቀለም አለህ?» ይለኛል።