ከአጥራችን ጀርባ የበቀለው ዛፍ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በጅማ ከተማ ዳር ነው። ከጓሮ አጥራችን ጀርባ፣ በወንዙ ዳር፣ ማንም ያልተከለው ዛፍ አድጎ ጣሪያችንን አልፏል። አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ በበጋ ፍሬው ጠሽ እያለ ይፈነዳል፤ ልጆቼም ዘሩን እየለቀሙ ይጫወቱበታል። አንዱ ጎረቤቴ «ጃካራንዳ ነው» ሲሉኝ ሌላው «ሰሳ ነው» ይሉኛል። የትኛው ነው? ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

መልስ፦ ጎረቤቶችዎን አይቀየሟቸው፤ ሁለቱም የተሳሳቱት ከሩቅ ሲያዩት በሚመሳሰል ዛፍ ነው። ፍሬው እየጮኸ የሚፈነዳ ከሆነ ግን ዛፉ ብርብራ መሆን አለበት፤ በአካባቢያችሁ በኦሮምኛ ሶተሎ የሚባለው ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ከአበባው ቀለም ይልቅ ቅጠሉን ይመኑ። በብርብራ አንድ አገዳ ግራና ቀኝ ረዘም ያሉ ትንንሽ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰደራሉ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ አንዲት ቅጠል ለብቻዋ ትቀመጣለች። የሰሳና የጃካራንዳ አገዳ ግን ራሱ ወደ ሌሎች ቀጫጭን አገዳዎች ይከፈላል፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች የሚገኙት በእነዚያ ላይ ነው። ፍሬውም ይለያቸዋል፦ የሰሳ ስስና ወረቀት መሰል ነው፤ የጃካራንዳ ክብ ሆኖ ክንፍ ያለው ቀላል ዘር ይይዛል፤ የብርብራ ደግሞ ረጅም፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ ሲሆን የዛገ ብረት በሚመስል ለስላሳ ጸጉር የተሸፈነ ነው። ሲደርቅ ሁለቱ ልጣጮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሊጠማዘዙ ይታገሉና ድንገት ተላቀው ክብ፣ ጠፍጣፋና ቡናማ ዘሮቹን ርቀው እንዲበተኑ ያደርጋሉ። የሚሰሙት ድምፅ ይኸው ነው።

ሊጠነቀቁበት የሚገባው ዘሩን ነው። በውስጡ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ፤ ይህ መርዝ የሰውነት ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግድ የተፈጨው ዘር ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። በአገራችን ለዓሣ ማጥመጃ ሲያገለግል የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለሰው የሚያደርሰው ጉዳት ለዓሣ ከሚያደርሰው ያነሰ ቢሆንም፣ ልጆቹ ዘሩን ወደ አፋቸው እንዳያስገቡ፣ የወደቀውም ተጠርጎ ወንዙ ውስጥ እንዳይጣል ያድርጉ።

ከዚህ ውጪ ዛፉን ለመቁረጥ የሚያበቃ ምክንያት አላገኘሁም። ብርብራ በተፈጥሮው ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይበቅልም፤ አበባውን ንቦች ይቀስሙታል፤ እንደ ባቄላና አተር ዘመዶቹም ለአፈር ናይትሮጅን ይሰጣል። የጅማ ቡና አምራቾች ከሰሳና ከዋንዛ ጋር ለቡና ጥላ የሚያቆዩት ዛፍ ነው። ጣሪያዎ ላይ የተጋደመ ቅርንጫፍ ካለ እሱን ብቻ ያስከርክሙ፤ ጓሮዎ ውስጥ ጥቂት የቡና ችግኝ ካለዎት ደግሞ ዛፉ ጥላውን እንዲጥልላቸው ይተዉት።