ጥያቄና መልስ፦ የአጥማቂው ግዝት ይዞኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከፍኖተ ሰላም ወጣ ካለ ቀበሌ ነው የምጽፍልዎ። ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት። «ባሕታዊ ነኝ» የሚል አንድ አጥማቂ ዘንድ ወሰድሁት። ክኒኑን «እምነት ማጣት ነው» ብሎ አስጣለኝ። ጊደሬን ሸጬ ብሩን ሰጠሁት። እኅቴ ስትቃወመኝ «መተተኛዋ እሷ ናት» ብሎ አቆራረጠን። ልጄ ምድጃ ላይ ወድቆ እጁ ሲቃጠል ግን ጥዬ ወጣሁ። «ከዚህ ብትወጪ ገዝቼሻለሁ፤ ልጅሽን ትቀብሪያለሽ» አለኝ። ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ፤ ክኒኑን ለማስጀመር እንኳ እፈራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስደርስ ጉልበቴ ይከዳኛል።

መልስ፦ አልያዘሽም፣ እታለም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

ማሰርና መፍታት ጌታ ለሐዋርያት የሰጠው ሥልጣን ነው፤ ከእነሱም ለካህናት ወረደ። ሰውየው ክህነት ከሌለው የሚገዝትበት ሥልጣን የለውም። ቢኖረውም ግዝት ሰውን ከጥፋት ለመመለስ እንጂ ገንዘቡን እየሰጠ እንዲቀመጥ ለማስፈራራት አልተሠራም። ምሳሌ 26፥2 ከንቱ እርግማንን ወዲያና ወዲህ ከምትበር ድንቢጥ ጋር ያመሳስለዋል፤ በማንም ላይ አይደርስም ይላል።

የንዕማንን ታሪክ ደጋግመሽ አንብቢው፤ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ነው። ንዕማን ዮርዳኖስ 7 ጊዜ ተጠምቆ ከለምጹ ነጻ። ስጦታ ይዞ ሲመለስ ኤልሳዕ አልቀበልም አለ። ንዕማን ግድ ቢለውም እምቢ አለ። የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ግን ተከትሎ ሮጠ፤ በጌታው ስም ዋሽቶ 2 መክሊት ብርና 2 መለወጫ ልብስ ተቀበለ። የንዕማን ለምጽ በእሱ ላይ ተጣበቀ። ውኃው ያው የእግዚአብሔር ነበር። ጥፋቱ በውኃው ስም ገንዘብ የፈለገው ሰው ነው። ስለዚህ ጠበልን አትጥዪ፤ የግያዝን ሥራ ግን ግያዝ ብለሽ ጥሪው።

እኔ ቆሎ ተማሪ ሆኜ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ በጎጃም መንደሮች ስዞር ያጎረሱኝ እንደ አንቺ ያሉ እናቶች ናቸው። ማን እንደሆንሁ አልጠየቁኝም። አኮፋዳዬን አይተው በር ከፈቱልኝ። ሰውየው የገባብሽ በዚያው በር ነው፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ስላመንሽ ሞኝ አይደለሽም።

ጠንካራ ተግሣጽ ሁሉ በደል ነው ማለቴ አይደለም። እውነተኛ የንስሐ አባትም ይቆጣል፣ ቀኖና ይሰጣል። ግን ቀኖናው ማለቂያ አለው። ብትጠይቂው ያስረዳሻል፤ ከዘመድ ያስታርቅሻል እንጂ አያቆራርጥሽም። ቅዱስ ጴጥሮስ እረኞችን «ማኅበሮቻችሁን በኃይል አትግዙ» ብሏቸዋል። ዘመድሽን፣ ሐኪምሽንና ገንዘብሽን በአንድ ላይ የሚነጥቅ ሰው ካየሽ፣ መስቀል ቢይዝም ሽሺ።

ስለ ክኒኑ፦ ሲራክ 38፥4 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። አቡነ ጳውሎስም በፕትርክናቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ አስተምረዋል። ልጁን ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ቤት ያለውን ክኒን ግን በራስሽ አታስጀምሪው፤ ሐኪሙ መጠኑን ይወስን። እጁንም አሳዪው።

ደጁ ላይ መንቀጥቀጥሽ የግዝት ምልክት አይደለም። ሰውነትሽ ያየውን አልረሳም። በግድ አትግቢ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂጂ፤ ከቅጥሩ ውጪ ዛፍ ሥር ተቀምጠሽ «አቡነ ዘበሰማያት» በይና ተመለሺ። በሌላ ቀን ዐውደ ምሕረቱ ድረስ። እንቅልፍ ካጣሽ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ነውር የለውም። የምታምኛቸውን ሌላ ካህን ፈልጊና ሁሉንም ንገሪያቸው።

ነገሩን በጽሑፍ ለወረዳው ቤተ ክህነት አመልክቺ። «ቤተ ክርስቲያን ትሰደባለች» የሚልሽ አይጠፋም። የሚያሰድባት የሰውየው ሥራ እንጂ ያንቺ እውነት አይደለም። ለፖሊስ መናገርም መብትሽ ነው። ብቻሽን ግን አትሂጂ።

መጀመሪያ እኅትሽ ቤት ሂጂ። «ሳልሰማሽ ቀረሁ» ማለት ይበቃል። ከዚያ የልጁን የክርስትና ስም ጻፊልኝ፤ በጸሎት አስበዋለሁ።