ጥያቄና መልስ፦ ረሃብ የሚያስታግስ ባር በተፈጥሯዊ ግብዓት

ከአጃ፣ ከለውዝና ከተምር ስለሚሠሩ የመክሰስ ባሮች የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ማሸጊያው ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚል ባር ስገዛ ጤናማ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ የፊቱን ጽሑፍ ይተዉትና ገልብጠው የግብዓቱን ዝርዝር ያንብቡ። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት፣ ከብዙው ወደ ትንሹ ነው። አጃ፣ ለውዝ ወይም ፍራፍሬ ከፊት ቢሰለፍ ጥሩ ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይበቃም። ጣፋጩ ግሉኮስ ሲረፕ፣ ዴክስትሮዝ፣ የሩዝ ሲረፕ፣ ማር እየተባለ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ትንሽ ስለሚሆን ወደ ታች ይወርዳል፤ ቢደመር ግን አንደኛ ሊወጣ ይችላል። ለ50 ግራም ባር የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ፕሮቲን ከ6 ግራም፣ ፋይበር ከ3 ግራም አይነስ፤ የተጨመረ ስኳር ከ8 ግራም አይብለጥ። «ስኳር የለሽ» በሚባሉት ውስጥ ማልቲቶል የተባለ የስኳር ምትክ ወይም ኢኑሊን የተባለ ፋይበር ካለ ደግሞ ብዙ ሰው ሆዱን ይነፋዋል።

ጥያቄ፦ በማር ከተሠራ «ስኳር የለውም» ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማርና ሲረፕ ከተራው ስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆጠሩት። በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይመክራል፤ 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም ያህል ነው። ባር ውስጥ ማር የሚገባው በዋናነት ለማጣበቅ ነውና የሚያጣብቀውን ያህል ብቻ ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ እባክዎ በግራም የተለካ አሠራር ይስጡን።

መልስ፦ ለ12 ባር፦ ኦትስ የሚባለው የተዳመጠ አጃ 200 ግራም፣ የተቆላና የተከተፈ ለውዝ 100 ግራም፣ የሱፍ ወይም የዱባ ፍሬ 50 ግራም፣ ስኳር ያልገባበት የለውዝ ቅቤ 130 ግራም፣ ማር 120 ግራም፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ። በሚዛን ይለኩ፤ ማርና የለውዝ ቅቤ ስኒው ላይ ተጣብቀው ስለሚቀሩ ልኩ ይዛባል።

አጃውንና የሱፍ ፍሬውን በ160 ዲግሪ ኦቨን ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ያምሱ፤ መሃል ላይ አንዴ ያገላብጡ። ያልታመሰ አጃ ባሩን ሊጥ ሊጥ ያሰኘዋል። ማሩን በመካከለኛ እሳት ያፍሉ። አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጥለው በጣት ሲይዙት ለስላሳ ድቡልቡል ከሆነ፣ በቴርሞሜትር ደግሞ 115 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ያውርዱ። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ የጠብታው ፈተና ግን የትም ይሠራል። የለውዝ ቅቤውንና ጨውን ማሩ ውስጥ አማስለው እንደሞቀ ከደረቁ ጋር ይለውሱ።

20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኬክ መጋገሪያ ላይ ወረቀት አንጥፈው ይገልብጡት። ከላይ ሌላ ወረቀት አልብሰው በብርጭቆ ቂጥ በደንብ ይጠቅጥቁ፤ ማዕዘኖቹን አይርሱ፣ መጀመሪያ የሚፈርሱት እነሱ ናቸው። 2 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ካቆዩ በኋላ ለሁለት፣ ከዚያም እያንዳንዱን ለስድስት ይቁረጡ። ቢላውን ወደ ታች ይጫኑት እንጂ እንደ መጋዝ አያመላልሱት። አንዱ ባር 50 ግራም ገደማ ሆኖ 230 ኪሎ ካሎሪ፣ ከ7 እስከ 8 ግራም ፕሮቲን፣ 3 ግራም ፋይበርና 8 ግራም ያህል የማር ስኳር ይኖረዋል።

ጥያቄ፦ ስቆርጠው ይፈረፈርብኛል። ማር ልጨምር?

መልስ፦ ማር ከመጨመርዎ በፊት የለውዝ ቅቤውን ማሰሮ ይዩ። ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ የታችኛው ደረቅ ክፍል ብቻ ከተቀዳ ባሩ አይያያዝም፤ ሁልጊዜ እስከ ታች አማስለው ይቅዱ። ሁለተኛው ምክንያት የለውዙ መጠን ነው። ቢላው ትልቅ ፍሬ ሲያገኝ ባሩን ሰንጥቆት ያልፋል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ሳይቀዘቅዝ መቁረጥና ላላ አድርጎ መጠቅጠቅም ያፈርሳሉ። ገና ድብልቁ ሞቅ እንዳለ በእጅዎ ጨብጠው ይልቀቁት፤ ቅርጹን ካልያዘ አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ይጨምሩና እንደገና ይሞክሩ። አንዴ የፈረሰውንም አይጣሉት፤ ሁለት ማንኪያ ማር አሙቀው ይለውሱትና እንደገና ይጠቅጥቁት።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ጥርስ የሚሰብር ሆነ።

መልስ፦ ማሩ ከልክ በላይ ፈልቷል። ከ120 ዲግሪ ካለፈ ሲቀዘቅዝ ይደድራል።

ጥያቄ፦ ኦቨን የለኝም፣ ማርም አልፈልግም።

መልስ፦ ፍሬው የወጣ ተምር 250 ግራም፣ የተቆላ ለውዝ 150 ግራም፣ አጃ 80 ግራም፣ ጨው ቆንጠር አድርገው። አጃውን በመጥበሻ ያምሱት። ተምሩ ከደረቀ 10 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉና በጨርቅ በደንብ ያድርቁት፤ ውሃ ከቀረበት ባሩ ይላቁጣል፣ ቶሎም ይሻግታል። ለውዙን በመፍጫ ለብቻው ፈጭተው ያውጡ፤ አንድ ላይ ከገቡ ተምሩ ምላጩ ላይ ይጠመጠምና ለውዙ ሳይደቅ ይቀራል። ከዚያ ተምሩን አድቅቀው ሁሉንም ይለውሱና እንደ ማሩ ባር ጠቅጥቀው፣ አቀዝቅዘው ይቁረጡ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የተምሩን ስኳርም መቁጠር አለበት።

ጥያቄ፦ ለ10 ወር ልጄ መስጠት እችላለሁ? ታላቁ ደግሞ የለውዝ አለርጂ አለበት።

መልስ፦ ለትንሹ አይሆንም። ማር ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ የሚያስከትል የባክቴሪያ ዘር ሊኖረው ስለሚችል ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ቤት ውስጥ ማፍላትም ዘሩን አይገድለውም። ለታላቁ ለውዙን በሱፍና በዱባ ፍሬ፣ ቅቤውን በሰሊጥ ወይም በሱፍ ቅቤ ይተኩ። ሰሊጥም ለአንዳንዱ አለርጂ ነውና አስቀድመው ያጣሩ። ሁሉም ግብዓት ከለውዝ ጋር ያልተነካካ መሆኑንም ማሸጊያው ላይ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ የማሩ ባር በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 2 ሳምንት፣ ፍሪዘር ውስጥ 3 ወር። በመካከላቸው ወረቀት ያድርጉ፣ አለበለዚያ ይጣበቃሉ። የተምሩን በ1 ሳምንት ውስጥ ይጨርሱት። መረር ካለ ወይም የቀለም ሽታ ካመጣ የለውዙ ቅባት ተበላሽቷል፤ ይጣሉት።