«ስለዚህ» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ተማሪዎች ጽሑፋቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ በጅማ ዝናብ ለሴሚናር ያዘጋጀችውን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ደረሰች። ቡናው እስኪፈላ አነበብኩት። «ኤአይዲ የተባለው ኢንዛይም በሌላቸው አይጦች ትንሹ አንጀት ውስጥ የመከላከያ ህዋሳት ስብስቦች አብጠዋል፤ ስለዚህ ኢንዛይሙ የህዋሳቱን መብዛት ይገታል» ይላል። ከ«ስለዚህ» በስተቀር ሁሉም ደህና ነበር።

የኢንዛይሙ ሥራ ሌላ ነው። ቢ ህዋሳት የተባሉት የመከላከያ ህዋሳት በመጀመሪያ የሚያመርቱትን አይጂኤም የተባለ ፀረ እንግዳ አካል አንጀትን ወደሚጠብቀው አይጂኤ የሚለውጡት፣ ባዕዱን አጥብቆ እንዲይዝም የሚስሉት በእሱ ነው። እሱ ከሌለ አይጂኤ የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች እንደነዚህ ባሉ አይጦች ትንሹ አንጀት ውስጥ ኦክስጅን የማይሹ ባክቴሪያዎች 100 እጥፍ ያህል በዝተው አገኙ። አንቲባዮቲክ ሲሰጧቸው እብጠቱ ጠፋ። ኢንዛይሙ ግን ያኔም አልነበረም! ህዋሳቱ ያበጡት ልጓም አጥተው ሳይሆን ደጃፋቸው ላይ የፈላውን ሠራዊት ሊመክቱ ነው። እነሱን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ልጅቷን አልተቆጣኋትም፤ የምቆጣበት አፍ የለኝም። በወጣትነቴ ግማሾቹን አይጦች የቅጠል ጭማቂ እያጠጣሁ፣ ግማሾቹን ውኃ ብቻ እየሰጠሁ፣ በሁለት ሣጥን ለይቼ አራት ወር ደከምኩ። አንጀታቸው ላይ ልዩነት አየሁ፤ መድኃኒት ያገኘሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። አይጦቹን የሚቀልቡት አዛውንት ናቸው ያነቁኝ። «ልጄ፣ አይጥ እኮ የጎረቤቱን ኩስ ይበላል። አንድ ላይ ብታኖራቸውስ?» አሉኝ። ፊደል አልቆጠሩም፤ እኔ ግን ቆጥሬ ይህንን አላሰብኩም። ጅራታቸውን ቀለም ቀብቼ፣ ጭማቂውን ለየብቻ በአፋቸው እየሰጠሁ፣ ቀላቅዬ አኖርኳቸው። ልዩነቱ ጠፋ። ለካስ ስለካ የኖርኩት የሣጥኖቹን ባክቴሪያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአይጥ አንጀት ጥናት ሲመጣልኝ በመጀመሪያ የምፈልገው ሥዕሉን አይደለም። ኢንዛይሙ ያላቸውና የሌላቸው ከአንድ እናት ተወልደው በአንድ ሣጥን አድገዋል ወይ? ይህ ካልተጻፈ የተዋበው ሠንጠረዥ አያስደስተኝም። እናንተም ገና ስትጀምሩ ይህን ጥያቄ ልመዱት፤ በኋላ መልመድ፣ እመኑኝ፣ ያሳፍራል።

ልጅቷ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና «ጋሼ፣ የእነዚህኞቹስ አይጦች ሣጥን አንድ ነበር?» አለችኝ። ወረቀቱን መለስኩላት። ቶናው ሲቀዳ እሷ ገጽ እየገለጠች ነበር።