ስለ ፎር ዋይ ሞተርህ ታፔት፣ እኔ ያየሁት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። «ፎር ዋይ (4Y) የሚባለው የቶዮታ ቤንዚን ሞተር ያላት ሃይለክስ አለችኝ። ስትሞቅ ታፔቷ ይንኳኳል። ሜካኒኩ ሃይድሮሊኩን አውጥተን ሶሊድ እናስገባ ይላል፣ ልስማው?» ነው ያልከው። እኔም እዚሁ አዳማ ያንኑ ሞተር ይዤ ያንኑ ምክር ሰምቻለሁ።

አትቸኩል። «ስትሞቅ» ያልካት ቃል ብዙ ትናገራለች። ታፔት ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ሲዞር ግፊቱን ወደ ቫልቩ የሚያስተላልፍ ቁራጭ ነው። ሃይድሮሊኩ በመሃል ያለውን ክፍተት ራሱ በዘይት ይሞላል፤ ሶሊዱ ግን ድፍን ብረት ስለሆነ ክፍተቱ በእጅ ይስተካከላል። በቀትር ከሞጆ ስትመለስ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳትረግጥ) ግፊቱ ይወርዳል፣ ታፔቱም በደንብ ሳይሞላ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ እንደሞቀ የዘይቱን ግፊት በጌጅ አስለካ። ዝቅ ካለ ፓምፑ ወይም የክራንክሻፍቱ ቤሪንግ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሶሊድ ታፔት ይህን አያድንም፤ በሽታውን ይደብቅብሃል።

እኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ሜካኒኩ ስምንቱን ሶሊድ ታፔት በድሮው ካምሻፍት ላይ ገጠመልኝ። ሦስት ወር ሳይሞላ መኪናዋ አቀበት አልወጣ አለች። ሲከፈት የካሙ (ታፔቱን የሚገፋው የካምሻፍቱ ጉብታ) ጫፍ ተልጧል። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ይይዘኝ ነበር። ምክንያቱ ኋላ ነው የገባኝ፦ የሃይድሮሊክ ካም የተቀረጸው ክፍተት እንደሌለ ታስቦ ነው። በሶሊድ ክፍተት ስትሰጠው ካሙ ታፔቱን ቀስ ብሎ አያነሳውም፣ በድንገት ይመታዋል። ቫልቩም ሲዘጋ እንዲሁ ይጋጫል።

ስለዚህ ከቀየርክ ሙሉውን ቀይር። ለሶሊድ የተሠራ ካምሻፍት፣ አዲስ ታፔት፣ ማስተካከያ ብሎን ያለው ሮከር (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ)፣ ርዝመቱ የተለካ ፑሽሮድ (ከታፔቱ ወደ ሮከሩ የሚገፋው ዘንግ)። ሮከሩ ዘይት የሚያገኘው በታፔቱና በፑሽሮዱ በኩል ከሆነ ደግሞ አዲሶቹ ቀዳዳ እንዳላቸው እይ። ክፍተቱን ካምሻፍቱ ይዞት በሚመጣው ወረቀት መሠረት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) አስተካክል፤ በግምት አይሆንም። የካሙን ጫፍ በመገጣጠሚያ ቅባት ቀባው። መጀመሪያ ስታስነሳ ሚኒሞ ላይ አትተወው፣ በደቂቃ 2000 ዙር አካባቢ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አዙረው። ካሙ በሚረጭ ዘይት ነው የሚረጥበው፣ ሚኒሞ ላይ ደግሞ የሚረጨው ጥቂት ነው። አዲስ ካም በብዛት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ በኋላም ቫልቭ ማስተካከል የዘወትር ሥራህ ይሆናል።

የኔዋ አሁን ደህና ናት። ግን አንድ ቀን ጋራዡ ጥግ ከወደቀው ቆርቆሮ ውስጥ የድሮ ታፔቶቼን አገኘኋቸው። አንዱን ፈታሁት። ከታች ያለችው ትንሽ ኳስ እንደ ቡና አተላ በጠቆረ ዝቃጭ ተይዛለች። በቤንዚን አጠብኳት፣ ነፃ ሆነች። በጣም ነው የተናደድኩት። ያ ሁሉ ብር የወጣው ለዚህች ቆሻሻ ነበር።

አንተ ግፊቱ ደህና ከሆነ መጀመሪያ ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። ካልተሻለው ታፔቶቹን አስወጥተህ እጠባቸው፣ ግን ቁጥር ጽፈህ እያንዳንዱን ወደ ቦታው መልስ። ከየካሙ ጋር ተላምደው ነው የተበሉት፣ ከተቀያየሩ ካሙን ይጎዱታል። ያለቀ ካለ አዲስ ሃይድሮሊክ ግዛ፣ አዳማ ካጣህ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ጠይቅ። ወደ ሶሊድ ሂድ የምልህ ካምሻፍቱም አብሮ ካለቀ ብቻ ነው።

ግፊቱን ስታስለካ ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።