ለቆየ ሃይስ ተጨማሪ የኋላ ማርሽ መብራት፦ ጥያቄና መልስ ለሐዋሳ ሾፌሮች

የቆየ ቶዮታ ሃይስ የኋላ ማርሽ መብራት ብዙውን ጊዜ በየጎኑ አንድ ባለ 21 ዋት አምፖል ነው። ፕላስቲኩ ሲደበዝዝና የኋላ መስታወቱ ላይ ጥቁር ፊልም ሲለጠፍ ሾፌሩ ከኋላው ያለውን በግምት ነው የሚያውቀው። ገና ሳይነጋ አሞራ ገደል ዓሣ ለሚጭን፣ ማታ ደግሞ በባጃጅና በልጆች መሃል ለሚዞር መኪና ግምት አይበቃም። ከታች ያለው ሁሉ ለባለ 12 ቮልት መኪና ነው፤ ከዚያ ውጭ ሲሆን ተጠቅሷል።

ጥያቄ፦ ሁለት ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ፓውዛ ገዝቻለሁ። በቀጥታ ከኋላ ማርሽ መብራቱ ሽቦ ላይ ብቀጥለው ምን ችግር አለው?

ይበራል፤ ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው። የፋብሪካዎቹ ሁለት አምፖሎች 42 ዋት ናቸው፣ ለ12 ሲካፈል 3.5 አምፔር። ያንተ ፓውዛዎች 3 አምፔር ይጨምራሉ። ያ ሁሉ የሚያልፈው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ በተጠመደች ትንሽ ስዊች ነው፤ ጭነቱ እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ ኮንታክቷ ቶሎ ይቃጠላል። በተጨማሪ በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች የኋላ ማርሽ መብራትና የዳሽቦርድ ጌጆች አንድ ፊውዝ ይጋራሉ። ፊውዙ ከተበጠሰ የሙቀት ጌጁም አብሮ ይሞታል፤ ሞተሩ ቢግል የሚነግርህ አይኖርም። ስለዚህ ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች፣ የግድ ነው። ሪሌዩ ከድሮው ሽቦ የሚወስደው 0.2 አምፔር እንኳ አይሞላም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ሪሌዩን እንዴት ልሰር? ቁጥሮቹ ያምታቱኛል።

ባለ 4 እግር፣ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 30 ወይም 40 አምፔር ሪሌይ ይግዙ፤ ከነሶኬቱ ቢሆን ይመረጣል። የሚቀመጠው ከኋላ፣ ከመብራቱ ጀርባ ባለው ደረቅ ክፍል ውስጥ ነው።

30 ቁጥር ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል ይመጣል። 87 ወደ ሁለቱም ፓውዛ ፖዘቲቭ ይሄዳል። 86 ከድሮው የኋላ ማርሽ መብራት ፖዘቲቭ ሽቦ፣ 85 ደግሞ ከቦዲ ጋር ይገናኛል። የፓውዛዎቹ ኔጋቲቭም ቦዲ ላይ ይታሰራል።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ሻጩ ባለ 5 እግር ሪሌይ ከሰጠዎት መሃል ያለችውን 87ኤ ባዶ ይተዉ፤ እሷ ላይ ከታሰረ ፓውዛው መኪናው ቆሞም ሌሊቱን ሲበራ ያድርና ባትሪውን ይጨርሳል። ሌላው፣ አንዳንድ ሪሌይ ውስጡ ዳዮድ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አለው። በዚያ ላይ 85ና 86 ከተገለበጡ የኋላ ማርሽ በገባ ቁጥር የድሮው ፊውዝ ይበጠሳል።

ጥያቄ፦ የትኛው ሽቦ እንደሆነ በቀለሙ መለየት ይቻላል?

በቀለም አትመኑ፤ አሮጌ መኪና ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም። እጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ስር ድንጋይ ይደረግ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ይከፈትና የኋላ ማርሽ ይግባ። ቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) 12 ቮልት አካባቢ ሲያሳይ ማርሹን አውጡት፤ ቮልቱ ከጠፋ ሽቦው እሱ ነው። ፍሬን በመርገጥና ፍሬቻ በማብራትም አረጋግጡ፣ በእነሱ መለዋወጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ ሽቦና ፊውዝ ስንት ይሁን?

ከባትሪ እስከ ኋላ 6 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ተጣጣፊ የመዳብ ሽቦ በ3 አምፔር የሚያባክነው 0.13 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ፊውዙ 7.5 አምፔር ይሁን። ሁለት ባለ 55 ዋት ሃሎጅን ከሆነ ግን ከ9 አምፔር በላይ ስለሚስብ ፊውዙ 15 ይሁን፤ ሽቦው ያው 2.5 ይበቃዋል፣ ብክነቱ ወደ 0.4 ቮልት ቢወጣም።

የፊውዙ ቦታ ከቁጥሩ ይበልጣል። ከባትሪው በ20 ሳንቲሜትር ውስጥ ይሁን። ይህ ሽቦ ቁልፉ ቢነቀልም ኃይል አለው፤ በመንገዱ ላይ ላሜራ ልጦት ቦዲ ቢነካ የሚያድነው መነሻው ላይ ያለ ፊውዝ ብቻ ነው። ኋላ ሪሌዩ አጠገብ የተቀመጠ ፊውዝ ፓውዛውን እንጂ መኪናውን አያድንም። ሽቦው ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ይግባ፣ ከማርሚታውም (ከጭስ ማውጫው) ይራቅ።

ጥያቄ፦ ሪሌዩ ጠቅ ይላል፣ መብራቱ ግን ደብዛዛ ነው። አንዳንዴ ፍሬን ስረግጥም ጭል ጭል ይላል። ፓውዛው ነው የተበላሸው?

ፓውዛውን ሳትቀይር ግራውንዱን እይ። ቀለም ወይም ዝገት ላይ የታሰረ ኔጋቲቭ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ግራውንድ ያጣ ኃይል መመለሻ ፍለጋ በሌላ መብራት አምፖል በኩል ይሄዳል፤ ፍሬን ሲረገጥ ጭል ጭል የሚለው ለዚህ ነው። ፓውዛው እየበራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ፓውዛው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርግ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ብሎኑን ፍታ፣ ላሜራውን ነጭ እስኪሆን በካርታቬትሮ ፈትግ፣ ካፖኮርዳውን (የሽቦውን ጫፍ መያዣ) ጥርስ ባለው ሮንዴላ አጥብቅ፣ ከላይ ግሪስ ቀባ። ይህ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ደህና ፓውዛ የሚያስጥለው ብዙ ጊዜ እሱን መዝለል ነው።

ጥያቄ፦ 48 ዋት ተብሎ የተሸጠልኝ ከ18ቱ ምንም አይበልጥም።

ይለኩት። ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገው ከፖዘቲቩ ጋር በተከታታይ ያስገቡት። እውነተኛ 48 ዋት በ12 ቮልት 4 አምፔር ይስባል። 1.5 ካሳየ የገዙት 18 ዋት ነው።

ጥያቄ፦ ዓሣ የምናወርደው በጨለማ ነው። ማርሽ ሳይገባ ከውስጥ ማብራት እፈልጋለሁ፣ ይቻላል?

ይቻላል እህቴ፣ ግን ማብሪያውን ዝም ብለው 86 ላይ አይጨምሩት። ኃይሉ ወደ ኋላ ተመልሶ የድሮዎቹን የኋላ ማርሽ መብራቶች ያበራል፤ ከእነሱ ጋር ፊውዝ ወደሚጋራው ሁሉ ሊደርስም ይችላል። መፍትሔው ባለ 1 አምፔር ሁለት ዳዮድ ነው። አንዱ ከኋላ ማርሽ ሽቦ ወደ 86፣ ሌላው ከማብሪያው ወደ 86፤ የሁለቱም ባለ መስመር ጫፍ ወደ ሪሌዩ ይዙር። የማብሪያውን ኃይል ቁልፍ ሲነቀል ከሚጠፋ መስመር፣ ለምሳሌ ከሬዲዮው፣ በ2 አምፔር ፊውዝ ይውሰዱ።

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ማሳያ አምፖል ካልገባ ግን ይህን ሥራ ባይጀምሩት እመርጣለሁ። ፓውዛው በርቶ ወደ ፊት የሚሄድ መኪና ከኋላው ያለውን የባጃጅ ሾፌር ዓይን ያጠፋል፤ ማታ በሐዋሳ መንገድ ላይ ይህ ሰው ያስገጫል።

ጥያቄ፦ የት ላይ ልሰረው? ጣሪያው ላይ አያምርም?

ጣሪያ ላይ ከሆነ ከኋላ ያለ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 48 የኋላ ማርሽ መብራት ከመሬት ከ25 እስከ 120 ሳንቲሜትር እንዲሆን ይላል፣ ቀለሙም ነጭ ብቻ። ባምፐሩ ደረጃ 70 ሳንቲሜትር ላይ አስረህ 10 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብለው፤ መሃሉ 4 ሜትር ርቀት ላይ መሬት ይመታል። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም፦ ፓውዛውን ከግድግዳ 2 ሜትር አርቀህ አብራ፣ የብርሃኑ መሃል 35 ሳንቲሜትር ላይ ካረፈ ልክ ነው። የምትገዛውም ሰፊ የሚበትነውን እንጂ ሩቅ የሚወረውረውን አይሁን፤ ልጅ የሚቆመው ጥግ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የድሮው አምፖል ቤት ውስጥ 55 ዋት ብከትስ?

አይሆንም። ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከ21 ዋት አትለፍ።

ጥያቄ፦ የእኔ አይሱዙ ነው፣ 24 ቮልት።

ሪሌዩ የግድ ባለ 24 ቮልት ይሁን፤ የ12ቱ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ይቃጠላል። ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚል ኤልኢዲ ይሠራል። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት አትቅዳ፣ አንዱ ሲራብ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል።

ጥያቄ፦ የፋብሪካዎቹም ጭራሽ አይበሩም።

ፊውዝና አምፖል ደህና ከሆኑ ካምቢዮው ላይ ያለችውን ስዊች ሶኬት ነቅለህ ሁለቱን ሽቦ በአጭር ሽቦ አገናኝ። ከበሩ ስዊቿ ሞታለች። አዲሷን ከነመዳብ ሮንዴላዋ አስገባ፤ አለበለዚያ የካምቢዮ ዘይት በዚያ ይንጠባጠባል።

ጥያቄ፦ ላቫጆ በገባ ቁጥር አንዱ ፓውዛ ይጠፋል።

ውኃው የሚገባው በመስታወቱ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በሽቦው መጋጠሚያ ነው። ናስትሮ ብቻውን ውኃ አይከለክልም፣ እንዲያውም የገባውን ይዞ ያቆያል። መጋጠሚያውን በስታኞ በይደው፣ በሙቀት የሚጠብ ቱቦ አልብሰው፣ ከተቻለም ወደ ውስጥ አስገባው። ሽቦው ወደ ፓውዛው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታጠፍ፤ ውኃው ከዚያች መታጠፊያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም።