ኮን ፊልትሮ ትኩስ አየር እየሳበ ላስቸገረህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንደተረዳሁት የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን አውጥተህ ኮን ፊልትሮ (ያለ ሳጥን የሚገጠም፣ ሾጣጣ ቅርጽ ያለው የአየር ማጣሪያ) ገጥመሃል። መንገድ ሲጨናነቅ ግን መኪናው ይደክምብሃል፤ ስለዚህ የአየር ቱቦውን በሙቀት መከላከያ ልጠቅልለው ወይ ነው የምትለው። እኔም መኪናዬ ላይ ኮን ስላለ ያየሁትን ልንገርህ።

የቱቦውን ነገር ለጊዜው ተወው። ሞተሩ በደንብ ሲስብ አየሩ ቱቦው ውስጥ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ በዚያች ጊዜ ብዙ ሙቀት አይወስድም። ዋናው ጉዳይ ፊልትሮው አየሩን ከየት ነው የሚስበው የሚለው ነው።

ኮፈኑን ክፈትና እየው። ፊልትሮው ከራዲያተሩ ኋላ ክፍቱን ከተቀመጠ፣ በራዲያተሩ አልፎ የሚመጣውን ሙቅ አየር ነው የሚስበው። ያወጣኸው የፋብሪካ ሳጥን ግን በአብዛኛው መኪና ላይ አፉ ከፊት መብራቱ ኋላ ወይም ፓራፋንጎው ውስጥ ነው፣ ማለትም የውጪ አየር ያለበት ቦታ። ብዙ ሰው ኮን ሲገጥም ይሄን አውጥቶ ይጥለዋል፤ ያሳዝነኛል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ውጪው 25 ዲግሪ ሆኖ ሞተሩ የ55 ዲግሪ አየር ከሳበ፣ በዚያው መጠን አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወደ 9 በመቶ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የመኪናው ኮምፒውተር የሚገባው አየር መሞቁን ሲያይ ሞተሩ እንዳያንኳኳ (ነዳጁ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ) ብሎ የማቀጣጠያውን ጊዜ ወደኋላ ይመልሳል። ድካሙ የሚሰማህ ከሁለቱም ነው።

ምንም ከመንካትህ በፊት ለካ። ርካሽ የኦቢዲ ማንበቢያ (ከመኪናው ኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ መሣሪያ) ስልክህ ላይ አገናኝና የመግቢያ አየር ሙቀት የሚለውን እያየህ ንዳ። ቆመህ ሳለ ቁጥሩ ቢወጣ አትደንግጥ፣ የማንም መኪና ይወጣል። ማየት ያለብህ መንዳት ስትጀምር ምን ያህል ቶሎ ወደ ውጪው ሙቀት እንደሚወርድ ነው። እየነዳህም ከፍ እንዳለ ከቀረ ችግሩ እዚያ ነው።

እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። መጀመሪያ በካርቶን ልክ አወጣሁ፣ ቀጥሎ በዚያ ልክ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጬ ፊልትሮውን ከሞተሩ የሚለይ ግድግዳ አቆምኩ። ከላይ ጠርዙ ላይ ኮፈኑ ሲዘጋ የሚጫነው ወፍራም ላስቲክ አለበት። ይሄ ላስቲክ ነው ሥራውን የሚሠራው። መግጠሙን ለማወቅ ላስቲኩን ጠመኔ ቀባሁትና ኮፈኑን ዘግቼ ከፈትኩት። ከኮፈኑ ሥር ነጭ መስመር ታትሞ ታገኛለህ። መስመሩ የተቆረጠበት ቦታ ካለ ሙቅ አየር የሚገባው በዚያ ነው፤ ላስቲኩን እዚያ ጋ ከፍ ታደርገዋለህ።

ግን ግድግዳው ብቻውን ዋጋ የለውም። ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት በር ካልከፈትክለት ሞተሩ መሳቡን አያቆምም፣ በየቀዳዳው የሞተሩን ሙቀት ይጎትታል። ከፊት ለፊት፣ ከፍርግርጉ ኋላ ወይም ከመብራቱ ጎን፣ ወደ ሳጥኑ የሚገባ ሰፊ ቱቦ ዘርጋ። ስፋቱ ከሞተሩ የአየር ቱቦ ባያንስ ጥሩ ነው። ከፊልትሮው ጋር ማሰር አያስፈልግም፤ አፉ ወደ እሱ ይዙር እንጂ። ይሄን ከጨረስኩ በኋላ ስነዳ የማየው ቁጥር ከውጪው ሙቀት ብዙም አይርቅም፤ በፊት ግን በጣም ይበልጥ ነበር።

ሦስት ነገር ተጠንቀቅ። ፊልትሮውን ፓራውልቱ ሥር ዝቅ አድርገህ አትግጠመው፤ መንገድ ላይ የተኛ ውሃ ውስጥ ስትገባ ሞተሩ ውሃ ከሳበ፣ ውሃ አይታመቅምና የፒስተኑ ዘንግ ይጣመማል። የአየር መለኪያ ሴንሰር ካለህ ከእሱ ወዲህ ወደ ሞተሩ ያሉትን መገጣጠሚያዎች ሁሉ በደንብ አጥብቅ፤ በዚያ የሚሾልክ አየር ስለማይለካ የነዳጁን ልክ ያዛባል። ፊልትሮህ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አታብዛበት፣ ዘይቱ ሴንሰሩን ይበክለዋል።

አሮጌው ሳጥንህ አሁንም ካለ ግን መልሰህ ግጠመውና እሱንም ለካው። በኔ እምነት ሞተሩ ሌላ ምንም ካልተነካ፣ በደንብ ያልተከለለ ኮን የፋብሪካውን ሳጥን አያሸንፍም። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ኢንተርኩለሩ ንጹሕ መሆኑን እይ፤ ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። የፊልትሮውን ቦታ የሚያሳይ ፎቶ ከለጠፍክ ቱቦውን በየት በኩል ብታሳልፈው እንደሚሻል እነግርሃለሁ።